ወርቅ አይጠቁርም

መስከረም 19

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለወርቅ ግንባሬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱ እንዳይጎዳሽ፣ እጅሽ እንዳይዝል፣ ዓይንሽ እንዳይደክም ፈጣሪን ለምኜ ነው ብዕር ያነሣሁት። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት አልፎ አልፎ ይነዝራታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። ትናንት "ልጄን ሙያ አስተምረህ ያሰደድክብኝ አንተ ነህ" ብላ ምሳዬን ሳልጨርስ ሰሃኑን አነሣችብኝ።

ለምን በስልክ አይነግሩኝም ትዪ ይሆናል። በስልክ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ስንባባል ነው ጊዜው የሚያልቀው። የምጠይቅሽ ነገር ደግሞ ተቀምጦ የሚነበብ ነው።

አዳራሹን መቼም አትረሺውም። አንቺ በተወለድሽበት ዓመት አባትሽና እኔ የመድረኩን ትልቅ ክፈፍ በወርቅ የለበጥንበት አዳራሽ። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ውሃው በክፈፉ አናት ላይ ወረደ። የተቀረጸው የወይን ሐረግ በሚጠማዘዝበት በኩል ጥላሸት መሰል ነገር ይታያል። ብዙ አይደለም። ጥገናውን ለማንም መንገደኛ ከሚሰጡት እኔው ልሥራው ብያለሁ።

ስለዚህ አራት ደብተር የወርቅ ቅጠል ላኪልኝ። አባትሽ ይወደው የነበረው ደመቅ ያለው ቢጫ ይሁን። እዚህ የሚሸጠው ቅጠል እንደ ሻጩ ነው፤ ከሩቅ ያብለጨልጫል፣ ሲጠጉት ይሸሻል። የአዳራሹ ኃላፊ፣ ያ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ እያንቃጨለ የሚሄደው "ባለ ቁልፉ"፣ ሥራው እስከ ጥር እንዲያልቅ ይፈልጋል።

ቶሎ ላኪው። ብዙ አትጠይቂኝ፤ ሥራ ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 17

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከማንበቤ በፊት አሸተትኩት። የቆዳ ሙጫው ሽታ እስከዚህ ድረስ ተከትሎት መጥቷል። እርስዎም እማዬም በሰላም መክረማችሁን በማወቄ ልቤ አረፈ። እኔም ደህና ነኝ። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው።

የምንሠራበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም። በራችን ላይ "አንኳኩ፤ ግቡ እስክትባሉ ጠብቁ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ፖስታ አመላላሽ ጽሑፉን ሳያይ በሩን በርግዶ ገባ። በቅጠል መቁረጫው የቆዳ ትራስ ላይ ያዘጋጀነው ወርቅ ሁሉ ብድግ ብሎ ተነሣ። አለቃችን ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ቅንድቧ ላይ ወርቅ ተለጥፎ ስትጮህበት ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ያኔ እማዬ ሁልጊዜ የምትለው ትዝ አለኝ። "አንቺ በተወለድሽ ቀን ግንባርሽ ላይ ወርቅ ነበረ።" ለአለቃዬ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። እኔም ሙያውን ካወቅኩ ወዲህ እየተጠራጠርኩ ነው። ማኅፀን ውስጥ ለባጭ የለም።

የክፈፉ ፎቶ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። እዚህ ሥራ ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ የምስክር ወረቀት አልነበረኝም፤ ያሳየኋት ያንን ፎቶ ነው። አለቃዬ በማጉያ መነጽር ብዙ ካየችው በኋላ "የዚህ ሰው ልጅ ከሆንሽ ነገ ጀምሪ" አለችኝ። ጋሼ፣ እኔ ዛሬ የምበላው እንጀራ የአባቴ ስም ነው።

ሁለት ደብተር ልኬያለሁ። ሁለቱን በሚቀጥለው ወር አስከትላለሁ። ግን ልጠይቅዎ ግድ ሆነብኝ። ወርቅ አይጠቁርም። ውሃ ቢያነሣው ተልጦ ከሥሩ የምንቀባው ቀይ ጭቃ ይታያል እንጂ አይጠቁርም። ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጥላሸት ከሆነ ጥጥ በምራቅ አርሰው ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ ይለቃል። ካለቀቀ ከጠቆረው ላይ ጥፍር የምታክል ቅርፊት ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ይላኩልኝና እኔ ልየው።

እማዬን ይሳሙልኝ። ሰሃኑን ስታነሣ እጇን ይያዟት።

ልጅዎ


ኅዳር 26

ይድረስ ለወርቅ ግንባሬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ደጅሽ ክፉ አይይ። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሁለቱ ደብተሮች ደርሰውኛል፤ አንድ ቅጠል ገልጬ አየሁት፤ የአባትሽ ቢጫ ነው። እጅሽን ክፉ አይንካው።

ይህንን የምጽፍልሽ ለጥገናው በቆመው መወጣጫ ላይ ተቀምጬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እዚህ ላይ ወጥቼ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። ከሥር ባለ ቁልፉ ይመላለሳል፤ ቁልፉ ሲንቃጨል የሚሰማኝ ደወል እንደታሰረለት በግ ነው። ትናንት አንገቱን ቀና አድርጎ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ወርቅ ነው ወይስ ሌላ?" አለኝ። "አንተ ቁልፍህን ቁጠር፣ እኔ ወርቄን እለብጣለሁ" አልኩት። ሳቀ። ግን ሳቁ ደስ አላለኝም። አንድ ኮሚቴ አቋቁመው ክፈፉን ሊመረምሩት ነው ይባላል።

ያልሽውን ቅርፊት ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። እንዳልኩሽ ጥላሸት ነው፤ አታስቢ። የቀሩትን ሁለት ደብተሮች ግን ፈጠን አድርጊያቸው። ኮሚቴው ሊመረምር ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብጨርስ ደስ ይለኛል።

ለእናትሽ ስለ ኮሚቴው አልነገርኳትም፤ አንቺም አታንሺባት። አዳራሹ መግቢያ ላይ ያለውን ሰሌዳ ታውቂዋለሽ፤ "ይህን ክፈፍ በንጹሕ ወርቅ የለበጠ" የሚለውንና የአባትሽ ስም ያለበትን። ገበያ ስትሄድ መንገዷ ባይሆንም በዚያ ዞራ በነጠላዋ ጫፍ ሳትጠርገው አትመለስም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 29

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

የላኩት ቅርፊት ደረሰኝ። በማጉያ አየሁት፤ በአሲድ ጠብታም ፈተንኩት። ንጹሕ ወርቅ ነው። ከደስታዬ ብዛት ለአለቃዬ ሮጬ አሳየኋት። "የአባትሽ እጅ ይባረክ" አለችኝ።

ከዚያ ደብዳቤዎን ላጥፈው ስል በእጥፉ ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ ተለጥፋ አየሁ። የቁንጫ ያህል ናት። መወጣጫው ላይ ተቀምጠው መጻፍዎ ነው ያመጣት። ያቺንም ከማጉያው ሥር አደረግኳት። ከላይ ቢጫ ቫርኒሽ፣ ከሥሩ የጠቆረ ብር። ጋሼ፣ የብር ቅጠል ነው! ብር ለብጦ፣ ወርቅ እንዲመስል ቢጫ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ቫርኒሹ ሲሰነጠቅ አየር ገብቶበት የጠቆረ። ለእኔ ይህንን መለየት ጨውን ከስኳር እንደ መለየት ነው።

የጠቀለሉልኝ ቅርፊት ከታች ከደህናው ተነሥቶ ነው ማለት ነው። ለምን? አባቴን ሊሸፍኑለት ነው?

ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሚመላለስብኝ አንድ ነገር ነው። ለክፈፉ ሁሉ የሚበቃ ወርቅ ተሰጥቶት አናቱን፣ ማንም የማያየውን፣ በብር ሸፈነው። የቀረውን ወርቅ የት አደረሰው? እኔን "አንዲት ቅጠል ብትተርፍሽ ለባለቤቱ መልሺ" እያለ ያሳደገኝ ሰው! የፎቶውን ሚስማር ዛሬ ነቀልኩ። አለቃዬ የት ሄደ ብትለኝ ምን እንደምላት አላውቅም።

ሁለቱን ደብተሮች አልልክም። ውሸት ላይ ወርቅ ለመለበጥ አይደለም እዚህ ቀን ከሌት የምደክመው። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያውቁ ነበር?

ልጅዎ


ጥር 27

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናሽን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

የሞተ ሰው አይወቀስም። አፈሩን ያቅልለት ብሎ መተው ነው። አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። ቅጠሉን መላክ ከከበደሽ ይቅር፤ በሌላ መንገድ እሞክራለሁ።

የእናትሽ ጉልበት ብሶባታል። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ ነግሯታል። ሰፈሩ ውሃ የለውም። እዚህ ብርድ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 23

ለጋሼ፤

የጠየቅኩዎ ስለ ሰፈሩ ውሃ አልነበረም።

"ያውቁ ነበር?" ብዬ ነበር የጻፍኩት። አልመለሱልኝም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእርስዎ ግን እንደ ክፈፉ አናት ነው። እኔም መልሱን ከዝምታው ወሰድኩት። አባቴ አታልሏል፤ እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ሁለታችሁም አስተምራችሁኛል።

ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኳት። በሰው ሥራ ተመስክሮልኝ እንደገባሁ፣ ያ ሥራ ግማሹ ውሸት እንደሆነ። ሻይ አፈላችልኝ። ያ ከስድብ ይብስ ነበር።

ኮሚቴው ብሩን አይቶ ሰሌዳውን ሊያወርድ ነው ብላ የአክስቴ ልጅ ጽፋልኛለች። ያውርዱት። እማዬን ብቻ ያን ቀን በዚያ በኩል እንዳታልፍ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ የአዳራሹን ወሬ አይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 30

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም። በምርቃት የሚጀመር ደብዳቤ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ ከፈለግሽ ቅደጂው፤ ከመጨረስሽ በፊት ግን አትቅደጂው።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳውን ሊያወርዱ ነበር። አናጢው መፍቻውን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጥቷል፤ ባለ ቁልፉና አምስቱ የኮሚቴ ሰዎች ከሥር ቆመዋል። እናትሽን ቤት አስቀምጬ መጣሁ ብዬ ስዞር ከበሩ ገባ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ አየኋት። በዚያ ጉልበቷ። አታለቅስም። ሰሌዳውን ብቻ ታያለች። የመጀመሪያው ብሎን ተፈቶ መሬት ላይ ሲወድቅ ከእግሯ ሥር ተንከባሎ ሄደ፤ ጎንበስ ብላ አነሣችውና በነጠላዋ ጠረገችው።

"ውረድ" አልኩት አናጢውን።

"ጋሼ፣ የኮሚቴ ውሳኔ ነው እኮ" አለኝ ባለ ቁልፉ።

"ብሩን የለበጥኩት እኔ ነኝ። ሟቹ አላወቀም። እስከ ዕለተ ሞቱ አላወቀም።"

ባለ ቁልፉ እንዳይንቃጨል ቁልፉን ያዘው። እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ እሷ ያየችኝ አስተያየት ነው የከበደኝ።

አሁን ለአንቺ እንደነበረ ልንገርሽ። ክፈፉን ከታች ጀምረን ሁለት ወር ሠርተናል፤ የቀረን አናቱ ብቻ ነበር። ጭቃው ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ለስልሶ ወርቁን ይጠብቃል። በዚያን ቀን ጠዋት እናትሽ ምጥ ያዛት፤ አባትሽ ወደ ሆስፒታል ሊሮጥ ሲል አራት ደብተር ወርቅ፣ መቶ ቅጠል፣ እጄ ላይ አስቀምጦ "እስክመለስ አትንካው" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለስድስት ዓመት ጭቃ አቡክቼ፣ ሙጫ አፍልቼ፣ ብሩሽ አጥቤለታለሁ፤ አንድ ቀን "ባለሙያ" ብሎኝ አያውቅም። ልጁን ይዞ ሲመለስ አልቆ ቢያገኘው ብዬ ተመኘሁ። ስጦታዬ ሊሆን ነበር።

የአባትሽን ደንብ ታውቂያለሽ። አንድ ቅጠል ብቻ አውጣ፣ ከነፋስ መከለያው ጀርባ አስቀምጥ፣ ጭቃው እንዲርስ ትንፋሽህን እፍ በልበት፣ አሳርፍ፣ ከዚያ ሌላውን። እኔ ቸኮልኩ። የበር ያህል ሳንቃ መወጣጫው ላይ ዘርግቼ መቶውንም ቅጠል በአንድ ጊዜ ደረደርኩት። መከለያ የለ፣ ምን የለ። ሳየው እንዴት እንዳማረኝ! ብሩሼ ቅጠሉን እንዲይዝ ጉንጬ ላይ አሸት አድርጌ የመጀመሪያውን ላነሣ ስል የአዳራሹ ዘበኛ ትልቁን በር በሁለት እጁ በርግዶ ገባ።

"ሴት ልጅ ናት! ሴት ልጅ ናት!"

ልጄ፣ መቶ የወርቅ ቅጠል አንድ ላይ ሲነሣ አይቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አላየሁም። አየር ላይ ሞላ። ወንበሮቹ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ እኔ ላይ። ዘበኛው ምን እንዳደረገ አልገባውም፤ ለአንቺ የተበተነ መስሎት ያጨበጭባል። በአራት እግሬ እየዳኽኩ ለቀምኩት፤ የተጨማደደ ወርቅ ደግሞ ምን ይሆናል? ሌላ ወርቅ አልነበረንም። ሣጥናችን ውስጥ ለመስታወት ክፈፍ የተገዛ ብር ነበር። ማታ ሆስፒታል ሄጄ አንቺን አይቼሽ ተመለስኩና ሌሊቱን ሙሉ በሱ ለበጥኩት፤ በማግሥቱ ቢጫውን ቫርኒሽ ቀባሁ፤ መወጣጫውን አፈረስኩ። አባትሽ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከታች ቀና ብሎ አየውና አቅፎኝ አለቀሰ። "ባለሙያ ሆንክ" አለኝ። ያኔ ብናገር ይቆጣኛል፣ ይበርድለታል፣ ያልፋል። አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ አልኩ። ሳምንቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

እናትሽ ዛሬ ቤት ስንገባ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ያን ዕለት ማታ ሆስፒታል ስትመጣ ፀጉርህ ላይ ወርቅ ነበረ። ልጄን ስትስማት ግንባሯ ላይ ቀረ።" ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ እኔ ግን ለመግባት አልደፈርኩም።

ከዚህም የባሰ አለ። አንቺ በታኅሣሥ "ያውቁ ነበር?" ስትዪኝ መልሱ በአፌ ላይ ነበር። ሽማግሌ ሆኜ በአንቺ ዓይን ማነስ ፈራሁ። የሞተ ሰው ይሸከመው፣ እሱ አይጎዳም አልኩ። አንቺ ትጎጂ እንደሆነ ልቤ እያወቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ኮሚቴው ሰሌዳው ይቆይ ብሏል። ብሎኑን አናጢው መልሶ አሰረው፤ እናትሽ አጥብቅ አጥብቅ እያለች ቆማ ነበር። አናቱን ግን እስከ ነሐሴ መጨረሻ እውነተኛ ወርቅ ካላለበስኩት ሁሉንም በወርቃማ ቀለም እንቀባዋለን ብለዋል። ቀለም! የአባትሽን ወርቅ ጭምር። እኔ ደግሞ ልነግርሽ ያፈርኩት ሌላ ነገር አለ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ከላክሽልኝ ሁለት ደብተር ስድስት ቅጠል ሞክሬ ስድስቱንም አበላሸሁ። የቀረው ተቀምጧል። ልለምንሽ መብት የለኝም፤ አልለምንሽም። እንድታውቂው ብቻ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ታገኛለሽ። የለቀምኩት ወርቅ ነው። አንድ ቀን ሸጬው፣ አንድ ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ለአንቺ የተበተነ ነውና የአንቺ ነው።

በዳይሽ፣ አጎትሽ


ሐምሌ 24

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ካገኘሁ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ዘጠኝ ጊዜ መልስ ጀምሬ ዘጠኙንም አልጨረስኩም። የመጀመሪያዎቹ ስድብ ነበረባቸው፤ አላስቀመጥኳቸውም።

እንደ ልቤ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ። ብሩን ይቅር ብያለሁ። አስቤ አይደለም፤ ገና ሳነብ ይቅር ብያለሁ። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ያውቃል፤ እኔም የአባቴን "ጎሽ" ጠብቄ አድሬ አውቃለሁ። ወርቁ አየር ላይ ሲሞላ፣ እርስዎ በአራት እግርዎ ሲድሁ፣ ያ ምስኪን ዘበኛ ሲያጨበጭብ እያሰብኩ አንድ ቀን ሥራ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ያቃተኝ ሌላው ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ አምስት ወር ሙሉ አባቴን ሌባ ብዬ ኖርኩ። ፎቶውን የሥራ ሣጥኔ ውስጥ በግንባሩ ደፍቼ። ሌሎች ሰዎች ፊት አባቴን ካድኩት። እርስዎ አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይህ ነው። ይህንን ይቅር ብያለሁ ብዬ ብጽፍልዎ ቢጫ ቫርኒሽ ነው የሚሆነው፤ በአንድ ክረምት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አልጽፈውም። ሲመጣ ይመጣል፤ በፊትዎ ሆኜ ልጠብቀው እሻለሁ።

ለአለቃዬ ደብዳቤዎን ተርጉሜ አነበብኩላት። መነጽሯን አወለቀች። "አጎትሽ መቶውን በአንዴ አወጣው?" አለች፤ ሌላው ሁሉ አልገረማትም። ከዚያ ሣጥኑን ራሷ ከፍታ ፎቶውን አወጣችና ሚስማሩን መታችው። የሃያ ቀን ፈቃድ ሰጥታኛለች። ስድስት ደብተርም ጨምራ ሰጠችኝ፤ "ከአንድ በላይ አታውጪ" ብላ።

ይህንን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ ቀድሞኝ ይደርስዎታል። ነሐሴ 8 እደርሳለሁ። እስከዚያ መወጣጫው ይቁም። የጠቆረውን ብር ማንም እንዳይነካው፤ እኔ ነኝ የምፍቀው። ቀዩን ጭቃ ያቡኩልኝ፤ ለዚያ እጅ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። ሙጫውን እንደ ድሮው ያፍሉት። ወርቁን እኔ አሳርፋለሁ፤ ጭቃው ላይ እፍ የሚሉት ግን እርስዎ ነዎት። ትንፋሽዎ አይንቀጠቀጥም አይደል?

ብልቃጡን አልከፈትኩትም። አምጥቼው አብረን እንከፍተዋለን፤ እማዬም ባለችበት፣ በሩ ተዘግቶ። ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ ግንባሬ ላይ ስለነበረው ወርቅ ስላላመንኳት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ስደርስ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው የምመጣው። ምናልባት እኔን ከመጠበቅ ብለው ከቀረው ቅጠል አንዱን ደግመው ሊሞክሩ መወጣጫው ላይ ይሆናሉ፤ አውቅዎታለሁ። አይደንግጡ፣ አይቸኩሉ። ትልቁን በር አልበረግደውም። አንኳኩቼ ውጭ እቆማለሁ። ቅጠሉን እስኪያሳርፉ፣ ትንፋሽዎ እስኪመለስ፣ "ግቢ" እስኪሉኝ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ